አውስትራሊያ በ1966 ነበረች፣ አልነበረችም

በሜልበርን የምንኖር ኢትዮጵያውያን የምንሰበሰብበት የጥያቄና መልስ ምሽት አለ፤ የስፖርቱን ክፍል የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ስጠይቅ ማንም አይሟገተኝም። ስለ አውስትራሊያ እግር ኳስ ስጠይቅ ግን አዳራሹ ችሎት ይሆናል። ሰው ሃያ ዓመት ግብር የከፈለበትን ሀገር ታሪኩንም አብሮ የገዛው ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋዜጣ የስፖርት ክፍል ውጤት ሳጠናቅር የኖርኩ ነኝና በዚህ በኩል ትዕግሥቴ አጭር ነው። በየምሽቱ ከምጮህ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ ምክንያቱ ወዲያው ይመጣል።

አንዱን በአንድ መስመር ልገላገለው። እዚህ የማወራው ስለ እግር ኳስ ነው። ሜልበርን ውስጥ «ፉቲ» እያሉ በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት ሌላ ስፖርት ነው፤ ራግቢም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። «አውስትራሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ የደረሰችው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አብዛኛው ሰው 2006 አለ። ስህተት ነው፤ ሆኖም ይቅር የሚባል ስህተት ነው፤ የአሠልጣኝ ሂዲንክን ቡድን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። አንድ ሰው ግን እጁን አውጥቶ «1966» አለ። ሳቅሁበት። በ1966 እንግሊዝ ባዘጋጀችው ዋንጫ አውስትራሊያ ዝር አላለችም፤ ማጣሪያው ላይ ነው የቀረችው። ይህንኑ በማይክሮፎን ተናግሬ፣ ነጥቡን ነፍጌ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ሰውየው ሲያበቃ ወደ እኔ መጥቶ በስልኩ ያነሳውን የአባቱን ደብተር አሳየኝ። በቀጭን የእጅ ጽሑፍ «ሰኔ 7 ቀን 1966፤ ምሥራቅ ጀርመን 2 አውስትራሊያ 0» ይላል።

ከሁለታችን የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ሰኔ 7 ቀን 1966 ዓ.ም. ማለት ጁን 14 ቀን 1974 ነው። በዚያች ዕለት ሃምቡርግ ላይ የአሠልጣኝ ራሌ ራሺች አውስትራሊያ በታሪኳ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ጨዋታ አደረገች፤ ኮሊን ከረን በራሱ መረብ ያገባት ግብ አለችበት፤ 2 ለ 0 ተሸነፈች። ከአራት ቀን በኋላ ምዕራብ ጀርመን 3 ለ 0 አሸነፈቻት። በመጨረሻ ከቺሊ ጋር ያለ ግብ ተለያየች። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ሌላ ሥራ የነበራቸው፣ ከሥራ ፈቃድ ለምነው የሄዱ ሰዎች ነበሩ። አባትየው ትክክል፣ ልጁ ትክክል፣ ማይክሮፎን የያዘው ደደብ።

ነገሩ ግን በእኔ ስህተት አያበቃም። የእኛና የፈረንጅ ዘመን አቆጣጠር በሰኔና በሐምሌ ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው። የዓለም ዋንጫ በአራት ዓመት ይመጣል። ስምንት ለአራት ስለሚካፈል፣ ከ1958 ወዲህ በክረምት መግቢያ የተደረገ ዋንጫ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ሲጻፍ ሌላ የዓለም ዋንጫ ዓመት ላይ ያርፋል። ቁጥሩ የተሳሳተ ቢመስል ኖሮ ሰው ይጠረጥር ነበር፤ ችግሩ ትክክል መምሰሉ ነው። አውስትራሊያ ላይ ደግሞ እርግማን ይመስላል። የ1974ቱ ዋንጫ 1966 ዓ.ም. ይሆናል፤ በፈረንጁ 1966 አልነበረችም። የ2006ቱ 1998 ዓ.ም. ይሆናል፤ በፈረንጁ 1998 አልነበረችም። የደቡብ አፍሪካው የ2010 ዋንጫ 2002 ዓ.ም. ይሆናል፤ በፈረንጁ 2002ም አልነበረችም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተሳትፎዎቿ በሙሉ በእኛ ቀን ሲጻፉ ወዳልነበረችበት ዋንጫ ይወስዷታል። ሌላ የዋንጫ ዓመት ላይ ከማረፍ ያመለጠችው ኳታር ብቻ ናት፤ የ2022ቱ ዋንጫ በኅዳር ስለተጀመረ ልዩነቱ ሰባት ሆኖ 2015 ዓ.ም. ላይ አረፈ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ያልጠየቃችሁኝ ቢሆንም። የቆየ የአማርኛ ጋዜጣ ወይም የአባት ደብተር ስታነቡ ዓመቱን ብቻ አትያዙ፤ ወሩንና ተጋጣሚውን አብራችሁ ያዙ። ምሥራቅ ጀርመን የምትባል ሀገር ለዓለም ዋንጫ የደረሰችው በ1974 ብቻ ነው፤ ይህን ብቻ ባስብ ኖሮ በሕዝብ ፊት አልዋረድም ነበር። ስትጽፉም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትሰስቱ። ቀን ስታመሳስሉ ደግሞ የሰዓት ልዩነትን አስቡ። አውስትራሊያ በኖቬምበር 12 ቀን 2005 ሞንቴቪዴዮ ላይ በኡራጓይ 1 ለ 0 ስትሸነፍ ሲድኒ ውስጥ ቀኑ 13 ነበር፤ ሁለት ቀን የተጻፈበት ጨዋታ ሁሉ ሁለት ጨዋታ አይደለም።

በፈረንጁ 1966 ላይ ግን እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለና አላልፈውም። «አውስትራሊያ ያን ጊዜ ማጣሪያ እንኳ አልገባችም» የሚሉ አሉ። ገብታለች። በኖቬምበር 1965 ፕኖም ፔን ላይ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሁለት ጊዜ ተጫውታ 6 ለ 1 እና 3 ለ 1 ተሸነፈች። ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጠቅላላው አንዲት ቦታ የተሰጠችበት ውድድር ነበር። ሁለት ቡድን ብቻ የቀረው አፍሪካውያን «ይህ ንቀት ነው» ብለው በአንድነት ስለወጡ፣ ደቡብ አፍሪካ ስለታገደችና ደቡብ ኮሪያም ስለተወችው ነው። ያን የአፍሪካ ተቃውሞ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ከመሩት አንዱ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ለ1970ው ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች። የአውስትራሊያን የመጀመሪያ ማጣሪያ ታሪክ ይድነቃቸውን ሳይጠሩ የሚተርኩ ወገኖቼ ይገርሙኛል።

ሁለተኛው ራስ ምታቴ 31 ለ 0 ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ማለትም ኤፕሪል 11 ቀን 2001፣ ኮፍስ ሃርበር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አውስትራሊያ አሜሪካን ሳሞአ የምትባለውን ትንሽ የፓስፊክ ደሴት ያሸነፈችበት። «32 ነው!» የሚል ሰው አይጠፋም። ፎቶም ያሳያችኋል፤ ፎቶው ሐሰት አይደለም። የውጤት ሰሌዳው በእርግጥ 32 ብሎ ነበር። ሰሌዳውን የሚቀይረው ሰው ነው፤ ግብ በየሦስት ደቂቃው ሲቆጠር ሰው ይደክመዋል። እናንተ ግን አትድከሙ፤ ደምሩ። አርቺ ቶምፕሰን 13፣ ዴቪድ ዝድሪሊች 8፣ ቡትሲያኒስ 3፣ ቪድማር 2፣ ፖፖቪች 2፣ ኮሎሲሞ 2፣ ዲ አሚሲስ 1። ሠላሳ አንድ። ለዚህ ፎቶ አያስፈልግም፤ የገበያ ሒሳብ ይበቃል።

ከቁጥሩ የባሰው ትርጓሜው ነው። «አሜሪካን ሳሞአ ምን ዓይነት ቡድን ብትሆን ነው?» ይላሉ። መልሱ፣ የራሷ ቡድን አልነበረም። በፓስፖርት ጉዳይ ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ተጫዋቾች መካከል ለመሰለፍ የተፈቀደለት ግብ ጠባቂው ኒኪ ሳላፑ ብቻ ነበር። ከሃያ ዓመት በታች ቡድኑን እንዳይወስዱ ልጆቹ የትምህርት ቤት ፈተና ላይ ነበሩ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጭምር ለቃቅመው ሜዳ ገቡ። በእርግጥ ሙሉ ቢሆኑም ይሸነፉ ነበር፤ ልዩነቱ ግን በሽንፈትና በውርደት መካከል ያለው ነው። ያው ሳላፑ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2011፣ ግብ ጠብቆ ቶንጋን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ የሀገሩን የመጀመሪያ የፊፋ ድል አየ። ይህን ለሚስቁት ሁሉ እነግራለሁ፤ ብዙዎቹ አይሰሙኝም።

«አውስትራሊያውያን በዚያ ድል ለ2002 ዓለም ዋንጫ ገቡ» የሚል ደግሞ አለ። አልገቡም። ከሰባት ወር በኋላ ሜልበርን ላይ ኡራጓይን 1 ለ 0 አሸንፈው ሞንቴቪዴዮ ላይ 3 ለ 0 ተሸነፉ። ሠላሳ አንዱ ግብ ለዚያ ቀን አንድም አልተረፈም። ደግሞም 31 ለ 0 በኳስ ታሪክ ትልቁ ውጤት አይደለም፤ ትልቁ የሆነው በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ብቻ ነው። የስኮትላንዱ አርብሮዝ በ1885 ቦን አኮርድን 36 ለ 0 አሸንፏል።

«አውስትራሊያውያን ከኦሺኒያ የእግር ኳስ ማኅበር ወጥተው ወደ እስያው የሄዱት ደካማ ተጋጣሚ ስለሰለቻቸው ነው።» ግማሽ እውነት። ዋናው ሕመም የዓለም ዋንጫ ቦታው ነው፤ ፊፋ በ2002 መጨረሻ ለኦሺኒያ አንድ ሙሉ ቦታ ሰጥቶ በ2003 አጋማሽ መልሶ ነጠቀ። የእስያ አባልነቱ የጸናው ጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ነው። ስለዚህ በኖቬምበር 2005 ግብ ጠባቂው ሽዋርዘር በመለያ ምት ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነበትና አሎይሲ የመጨረሻዋን ያገባበት የኡራጓይ ጨዋታ የኦሺኒያ ተወካይ ሆነው የተጫወቱት ነው። «እስያ ባይገቡ ለ2006ቱ የጀርመን ዋንጫ አይደርሱም ነበር» ለሚለው መልሱ ይኸው።

«ጠንቋይ ረግሟቸው ነው ሠላሳ ዓመት ከዓለም ዋንጫ የቀሩት።» ወሬውን ያወጣው ራሱ ጆኒ ዋረን የተባለው አንጋፋ ተጫዋች ነው። በ1969 ሎሬንሶ ማርኬስ፣ የዛሬዋ ማፑቶ፣ ከሮዴዥያ፣ ከዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ጋር ሁለት ጊዜ አቻ ወጥተው ለሦስተኛው ጠንቋይ ቀጠሩ፣ 3 ለ 1 አሸነፉ፣ ገንዘቡን ስላልከፈሉት ረገማቸው ይባላል። ወዲያው በእስራኤል ተሸንፈው ከውድድር ወጡ፤ እስከዚህ ያምራል። ነገር ግን በአራት ዓመታቸው፣ በኖቬምበር 1973፣ ሆንግ ኮንግ ላይ ደቡብ ኮሪያን 1 ለ 0 አሸንፈው ለዓለም ዋንጫ ገቡ። ምን ዓይነት ጠንቋይ ነው መሀል ላይ ዕረፍት የሚወስደው?

በ1997 ከኢራን ጋር ሜልበርን ላይ ሜዳ ገብቶ መረብ የቀደደው ተመልካችም «አውስትራሊያን ከ1998ቱ ዋንጫ ያስቀራት እሱ ነው» እየተባለ ኃጢአቱ በዝቶበታል። የዚያን ሰዓት አውስትራሊያ 2 ለ 0 ትመራ ነበር። ኢራን በ75ኛውና በ79ኛው ደቂቃ ያገባችው መረቡ ተጠግኖ ጨዋታው ቀጥሎ ከቆየ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ቴህራን ላይ 1 ለ 1 ስለነበር ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ ኢራን አለፈች።

ዳኛ የሚሠራው መዝገብም ይሳሳታል። ጁን 22 ቀን 2006 ሽቱትጋርት ላይ፣ አውስትራሊያ ከክሮኤሺያ ስትጫወት፣ ዳኛው ግራሃም ፖል ለክሮኤሺያው ሺሙኒች ሦስት ቢጫ ካርድ ያሳየው ሰክሮ አይደለም። ሺሙኒች ካንቤራ ተወልዶ ያደገ ነው፤ እንግሊዝኛው የአውስትራሊያ ነው፤ ፖል ሁለተኛውን ቢጫ በአውስትራሊያው 3 ቁጥር በክሬግ ሙር ስም ጻፈው። «እንዲህ ያለ ነገር በአውስትራሊያ ጨዋታ ታይቶ አይታወቅም» ያለኝም አለ። ጁን 22 ቀን 1974 በርሊን ላይ፣ ከቺሊ ጋር፣ ሬይ ሪቻርድስ ሁለተኛ ቢጫ አይቶ የመስመር ዳኛው እስኪያስታውስ ድረስ ለጥቂት ደቂቃዎች ሜዳ ውስጥ ቆይቷል። ሁለቱም ሰኔ 15 ቀን ናቸው። ደብተሩን ይዞ የመጣው ሰው ይህንን ስነግረው ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ የዚያን ምሽት ነጥቡንም መለስኩለት።

«አውስትራሊያ በእንግሊዝ 17 ለ 0 ተሸንፋለች።» ተሸንፋለች፣ በ1951 ሲድኒ ላይ። እንግሊዝ ግን የላከችው የእግር ኳስ ማኅበሯን ተጓዥ ቡድን ስለነበር በራሷ የብሔራዊ ቡድን መዝገብ አትቆጥረውም። ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት የማንን መዝገብ እንደያዛችሁ ተናገሩ።

የመጨረሻው፣ «በአውስትራሊያ የመጀመሪያው ጨዋታ በ1880 ፓራማታ ላይ ዋንደረርስ ከኪንግስ ስኩል ያደረጉት ነው» የሚለው ነው። ለመቶ ዓመት ያህል እንዲሁ ሲጻፍ ኖሯል። የድሮ ጋዜጦች በኮምፒውተር መፈለግ ሲቻል ግን ከዚያ አምስት ዓመት የቀደመ ተገኘ። በኦገስት 1875 ኩዊንስላንድ ውስጥ፣ ጉድና አጠገብ በሚገኘው የዉጋሩ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ግቢ፣ የብሪዝበን ክለብ ከሕሙማኑና ከጠባቂዎቻቸው ጋር ተጋጠመ። በማቆያ ግቢ ስለተደረገ ዋዛ አድርጎ የሚያልፈው ሰው ጋዜጣው ያሰፈረውን ሕግ ያንብብ፦ ኳሱን በእጅ መንካትም ሆነ ተሸክሞ መሮጥ አይፈቀድም።