ቀኖና ቅጣት ነውን?
በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ «ቀኖና ተሰጠኝ» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ እንደ ቅጣት ይሰማል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን መለኪያ፣ ሥርዓት ማለት ነው፤ የንስሐ አባት፣ ማለትም ኑዛዜን የሚሰማው ካህን፣ ቀኖና ብሎ ጾምን፣ ስግደትን ወይም ምጽዋትን የሚያዝዘው የኃጢአትን ዋጋ ለማስከፈል ሳይሆን፣ ሐኪም መድኃኒትን በበሽተኛው አቅም እንደሚመጥን ሁሉ፣ ቁስሉ እንዲሽር ነው። ስለዚህም ለነፍሰ ጡርና ለጤነኛ ጎልማሳ እኩል ስግደት አይታዘዝም።

የሚከብደው ግን ከቀኖናው ይልቅ ኑዛዜው ይመስለኛል፤ ነጠላውን አጣፍቶ የቀረበ ሰው «በማወቅም ባለማወቅም በድያለሁ» ብሎ በጅምላ ሲያልፍ፣ ያ አንዱ የተሰወረ ነገር እንዳለ ይቀራል። ክፉ ሐሳብ ሽው ማለቱ ፈተና ነው፤ ወዶ ማስተናገዱ ግን ኃጢአት ነውና ተለይቶ ሊነገር ይገባል። ቀኖናውን ፈጽሞ ሲመለስም ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይለዋል።