የጭላዳ ቀይ ደረት ለምን አይዋሽም?

ስለ እንስሳት ቀለም ስታነቡ «ሐቀኛ ምልክት» የሚል አባባል ይገጥማችኋል። እንስሳ ደግሞ ምን ሐቅ ያውቃል? ነገሩ ስለ ጠባይ አይደለም፤ ለማስመሰል የሚያስቸግር ምልክት ማለት ነው።

የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ እንውሰድ። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው። ሴቶችን የያዘው መሪ ወንድ ደረቱ ደማቅ ነው፤ ብዙ ሴቶች ካሉት ደግሞ ይብስበታል። ላጤዎቹ ግን ገርጣ ያሉ ናቸው። መሪው ቦታውን ሲነጠቅ ቀለሙም ይደበዝዛል።

ታዲያ ላጤው ለምን ደረቱን አያቀላም? ቀለም ተቀብቶ አይደለማ! ቅላቱ የሚመጣው ከቆዳው ሥር ከሚያልፈው ደም ነው። የደሙ ፍሰት ደግሞ ሰውነቱ ካለበት ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው።

ምልክቱ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ላጤው ከመጋጠሙ በፊት ተቀናቃኙን ይመዝናል። የጭላዳ ክራንቻ እኮ ቀልድ አያውቅም! መሪውም ከመጣው ሁሉ ጋር አይደማም።

ለምን ደረት ላይ? ብዙ ዝንጀሮዎች ቅላታቸው መቀመጫቸው ላይ ነው። ጭላዳ ግን አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ስለሚውል መቀመጫው አይታይም። ይህ የቆየ መላምት ነው፤ ለእኔ አሳማኝ ነው።

ሁሉም ቀለም ግን ሐቀኛ አይደለም። መናደፊያ የሌላቸው አንዳንድ ዝንቦች እንደ ተርብ ቢጫና ጥቁር ለብሰው ወፎችን ያታልላሉ። የሚያዋጣቸው ግን እውነተኞቹ ተርቦች በአካባቢው እስካሉ ድረስ ነው።