«የድባቴ ጂን አለብኝ» ለምትሉ

አሁንም አሁንም የዲኤንኤ ውጤቱን ይዞ የሚመጣ ታካሚ አለ። የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበትን ሴሮቶኒን የተባለ ኬሚካል በሚመለከተው መስመር ላይ «አጭር» የሚል ተጽፏል። ሰውየው የተፈረደበት ያህል አንገቱን ደፍቷል። እኔ ደግሞ ይህን ወሬ መስማት መርሮኛል።

ወሬው መነሻ አለው። ሴሮቶኒንን ወደ ነርቭ ሴል መልሶ የሚያስገባ ፕሮቲን አለ። ጂኑ ክሮሞዞም 17 ላይ ነው። ጂኑን የሚቆጣጠረው ክፍል አንዳንዱ ሰው ላይ ረጅም፣ አንዳንዱ ላይ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኒውዚላንድ የተጠኑ 847 ወጣቶች ውጤት ወጣ። አጭሩን የያዙት መከራ ሲደራረብባቸው ለድባቴ ይበልጥ ይጋለጣሉ ተባለ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን ማንም አላወራውም። በ2009 የ14 ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ሲመረመር ያ ግንኙነት ጠፋ። በ2019 ደግሞ ይህንን ጨምሮ ለዓመታት የተጠረጠሩ 18 ጂኖች በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች መረጃ ተፈተሹ። ስለ ድባቴ በዘፈቀደ ከተመረጡ ጂኖች የተሻለ ነገር አልተናገሩም። አጭሩን ይዞ ድባቴ የማያውቀው ሰው ደግሞ እልፍ ነው።

«ታዲያ በዘር አይመጣም?» ይመጣል እንጂ። የመንትዮች ጥናት እንደሚያሳየው ከተጋላጭነት ልዩነታችን 37 በመቶ ገደማው ከዘር ጋር ይያያዛል። ግን ድርሻው እጅግ ብዙ ለሆኑ ጥቃቅን ልዩነቶች የተከፋፈለ ነው። አንዱን ነጥሎ «ጥፋተኛው ይሄ ነው» ማለት አይቻልም።

«ሴሮቶኒኔን በደም ልለካ» የምትሉም አላችሁ። ደም ውስጥ ያለው ከአንጀት የመጣ ነው፤ ወደ አንጎል አያልፍም። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

«የድባቴ መድኃኒት ካሻለኝ፣ ያመመኝ የሴሮቶኒን ማነስ ነው» የሚለውም አያስኬድም። ብዙ የተለመዱ የድባቴ መድኃኒቶች ሴሮቶኒንን መልሶ የሚያስገባውን ያንን ፕሮቲን በሰዓታት ውስጥ ይይዙታል፤ ሰው የሚሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ችግሩ ማነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወዲያው በተሻለው ነበር።

የሚያናድደኝ ወሬው ሰው ስለሚጎዳ ነው። አንዲት ታካሚዬ ውጤቷን አይታ «ዘሬ ከሆነ መድኃኒት ምን ይለውጣል?» ብላ በአንዴ አቋረጠችው። ስትመለስ እንቅልፍ አጥታ፣ ራሷን እያዞራት፣ ድባቴውም አገርሽቶባት ነበር። መድኃኒቱን እንደገና ጀመረች፤ የንግግር ሕክምናም ጨመርንበት። ዛሬ ሥራዋ ላይ ናት። ጂኗ ያው ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ማቆም ከፈለጋችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ቀስ በቀስ ቀንሱ። የመሞት ሐሳብ ከመጣባችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ለቅርብ ሰው ተናገሩና በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂዱ።