አገልጋይ የሚባል መሪ፦ የጅማ አብያተ ክርስቲያናት አመራር

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የቡና አገር ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገጠር በአብዛኛው ሙስሊም ነው። በከተማዋ ውስጥ ደግሞ ኦርቶዶክሱም፣ ወንጌላዊውም፣ ካቶሊኩም አለ። አስተዳደራቸው ይለያያል። መሪያቸውን ግን ሁሉም "አገልጋይ" ይሉታል።

ስሙ ከወንጌል የመጣ ነው። ማርቆስ ምዕራፍ 10 ላይ ታላቅ መሆን የሚፈልግ አገልጋይ ይሁን ተብሏል። ዮሐንስ 13 ላይ ደግሞ ጌታ ራሱ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ትፈጽመዋለች። ጳጳሱ ወይም ካህኑ ጎንበስ ብሎ የምእመናኑን እግር ያጥባል። የወይራና የወይን ቅጠልም ይያዛል። ዓመቱን ሙሉ መስቀል ተሳልመን እጁን የምንስመው አባት የዚያን ቀን እግራችን ሥር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚህ ልቤን የሚነካኝ ሥርዓት የለም።

ትሕትና ግን በዓመት አንድ ቀን አይበቃም፤ ሥራ ላይ የሚያውለው አሠራር ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሰበካ ጉባኤ ትልቅ ቦታ ያለው። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ ወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት ሰበካ ጉባኤ የካህናት፣ የምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተመራጮች ያሉበት ነው። ሰብሳቢው የደብሩ አስተዳዳሪ ቢሆንም ብቻውን አይወስንም። ገንዘብ፣ ሕንፃ፣ የአገልጋዮች ደመወዝ፣ ሁሉም በጉባኤው ያልፋል። ከአጥቢያው በላይ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያ ሀገረ ስብከት አለ። በእኔ እይታ የአንድ አስተዳዳሪ ትሕትና የሚለካው በሰላምታው አይደለም። ሒሳቡን ለሕዝብ በግልጽ ሲያነብ፣ "ይሄ ወጪ ለምንድነው?" ብሎ የሚጠይቀውን ወጣት ሳይቆጣ ሲመልስለት ነው።

ከደንቡ በፊትም ቢሆን ሕዝቡ የራሱ ዘዴ ነበረው። ጽዋ ማኅበር ውስጥ መሪው "ሙሴ" ይባላል። ድግሱ ግን በተራ ነው። ዛሬ ባለጸጋው ያበላል፣ በሚቀጥለው ወር ጉሊት ቸርቻሪዋ ጽዋውን ተረክባ ታበላለች። ተራ የደረሰው ሰው ቤት ሁሉም እንግዳ ነው፣ ሙሴውም ጭምር።

በወንጌላውያን ዘንድ ብዙ አጥቢያዎችን የሚመራው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ለዚህ አሠራር ትልቁ ምስክር ከጅማ ደቡብ ምሥራቅ ወላይታ ውስጥ አለ። ጣልያን በ1929 ዓ.ም. የውጭ አገር ሚሲዮናውያንን ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች መቶ አይሞሉም ነበር። ጦርነቱ አልቆ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። እስር ሳይበግራቸው ቤተ ክርስቲያኗን በጋራ የያዙት የአገሬው ሽማግሌዎች ነበሩ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዚሁ መንገድ ይማራሉ። ኦርቶዶክሶቹ ግቢ ጉባኤ፣ ወንጌላውያኑ ፌሎሺፕ አላቸው። መሪዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ሲመረቁ ኃላፊነቱን ለታናናሾቻቸው አስረክበው ይሄዳሉ። ከትግራይም፣ ከጎጃምም፣ ከወለጋም የመጣ ልጅ አንድ ላይ ሆኖ ያቅዳል፤ ይጨቃጨቃል፣ ይታረቃል፣ ወንበር ይደረድራል። ወንበር መደርደሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መሪ መሆን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እዚያ ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ እድር አለ። ብዙ ሰፈር ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የአንድ እድር አባል ናቸው። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ ሥር ቄሱም ፓስተሩም እንደማንኛውም ጎረቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የእድሩ ዳኛ ሙስሊም ከሆነ እሱ የሚለውን ይሰማሉ፣ መዋጮውንም እንደ ሁሉም ይከፍላሉ።