ሃይድሮጅን ሰልፋይድና የአልዛይመር በሽታ ሕክምና

ኮምቦልቻ ውስጥ በቆዳ ፋብሪካ የሠራ ሰው ሃይድሮጅን ሰልፋይድን በስሙ ባያውቀው እንኳ በጠረኑ ያውቀዋል። ጥሬ ቆዳ ጠጉሩ እንዲለቅ በትልልቅ ከበሮ ውስጥ ከኖራና ከሶዲየም ሰልፋይድ ጋር ይሽከረከራል። ያ ውሃ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ቀለም የሌለው፣ የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ከአየር ስለሚከብድም በጉድጓድና በፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ይተኛል። ተንኮሉ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፦ መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ወደ 100 ሲጠጋ የማሽተት ነርቭን ስለሚያደነዝዝ፣ ሠራተኛው ጋዙ የሄደለት ይመስለዋል። እየበዛ ሲሄድ እንደ ሲያናይድ ህዋሳት ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ አግዶ ይገድላል።

ይኸው መርዝ በጥቂቱ በሰው አካል ውስጥም ይመረታል። ጥሬ ዕቃው ሲስቲን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ በአንጎል ውስጥ ከሚያመርቱት ኢንዛይሞች አንዱ ሲቢኤስ በሚል ምኅጻር ይታወቃል። ካዙሆ አቤ እና ሂዴዎ ኪሙራ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ጋዙ በነርቭ ህዋሳት መካከል መልእክት በማስተላለፍ ሥራ ሳይሳተፍ እንደማይቀር ጻፉ። በተለይም ትውስታ በሚቀረጽበት የአንጎል ክፍል የነርቮችን ትስስር እንደሚያጠናክር አሳዩ።

የመርሳት በሽታ የሆነው አልዛይመር የሚያጠቃው ያንኑ ክፍል ቀድሞ ነው። ደሴ ውስጥ በረካውን ጠጥተው ሲያበቁ አቦሉ መቼ እንደሚቀዳ የሚጠይቁ እናት ቢኖሩ፣ ቤተሰቡ «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ መንገድ መሳት ሲጀምሩ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 እንደገለጸው፣ በታማሚው አንጎል ውስጥ ሁለት ዓይነት ክምችት ይታያል፦ ኋላ እንደታወቀው፣ ከህዋሳቱ ውጭ የሚረጋው አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲንና በውስጣቸው የሚተበተበው ታው የተባለ ሌላ ፕሮቲን ናቸው።

የጋዙ ተስፋ የተያያዘው ከታው ጋር ነው። ጂኤስኬ3 ቤታ የሚባል ኢንዛይም በታው ላይ ፎስፌት ይጭናል፤ ጭነቱ ሲበዛ ታው ይተበተባል፣ ህዋሱም ይሞታል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በኢንዛይሙ ላይ ሰልፈር በማሳረፍ ያረጋጋዋል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቢንዱ ፖልና ሰሎሞን ስናይደር ከኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ የሰልፈር አሻራ በአልዛይመር ታማሚዎች አንጎል ውስጥ መመናመኑን አሳይተዋል። በሽታው እንዲይዛቸው ዘረ መላቸው ለተቀየረ አይጦችም ጋዙን ቀስ እያለ የሚለቅ ናጂዋይዋይ የተባለ ውህድ ለ12 ሳምንታት በመርፌ ሰጡ። መርፌውን የወሰዱት በማስታወስና በእንቅስቃሴ ፈተና ካልወሰዱት በ50 በመቶ ያህል ተሻሉ።

ውጤቱ ያጓጓል፤ ነገር ግን የአልዛይመር ምርምር ታሪክ አይጥን አድነው ሰው ላይ ሲደርሱ በከሸፉ ውህዶች የተሞላ ነው። ናጂዋይዋይ የቤተ ሙከራ ውህድ እንጂ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አይደለም። ዛሬ በአብዛኛው የሚታዘዘው እንደ ዶኔፔዚል ያለ፣ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀልል ክኒን ነው።

ነጭ ሽንኩርትን የሚያነሱም አሉ። በእርግጥ ቀይ የደም ህዋሳት በውስጡ ያሉትን የሰልፈር ውህዶች ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይቀይራሉ፣ የደም ሥርም ይላላል። ይህ ለወጥ ጥሩ ዜና ይሆናል፤ የመርሳት ሕክምና ግን አያደርገውም።

ጋዙ ማነሱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ሲቢኤስን የሚያዝዘው ዘረ መል የሚገኘው በ21ኛው ክሮሞሶም ላይ ሲሆን፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች ይህ ክሮሞሶም ሦስት አላቸው። ጋዙን ከሌላው ሰው አብዝተው ያመርታሉ፤ ለአልዛይመርም እጅግ የተጋለጡ ናቸው። የተጋላጭነታቸው ዋና ምክንያት የአሚሎይድ መነሻ ዘረ መልም እዚያው ክሮሞሶም ላይ መኖሩ ቢሆንም፣ የጋዙ መብዛት በራሱ የህዋሳቱን ኃይል የማመንጨት ሥራ ያውካል። ተመራማሪዎች ጋዙን እንዳለ ከመስጠት ይልቅ በዝግታ የሚለቁ ውህዶችን የመረጡት ስለዚህ ነው።