የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ድጋፍ ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከተማው ጫፍ ላይ፣ አንድ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ግንቦት፣ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ መብራት በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። ከሦስተኛው በኋላ ሰርቨር የምንለው ኮምፒውተር አልነሳም አለ። መጽሐፍ የምናውስበትን ፕሮግራም ለጫነልን ልጅ ደወልን። አያነሳም። ፓስወርዱን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሁለት ሳምንት በደብተር አዋስን።

ርዕሰ መምህሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ነጻ ነው አላልሽም እንዴ?»

ነጻ ነው። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት ኮዱ ለማንም የተገለጠ ፕሮግራም ነው። አውርዶ መጫን፣ ውስጡን ማየት፣ ማሻሻል፣ ለጎረቤት ማካፈል ይቻላል። የፈቃድ ክፍያ የሚጠይቅ የለም። ግን ሲበላሽ የመጠገን ግዴታ ያለበትም የለም። ያንን ክፍተት የሚሞላው ሥራ ነው ድጋፍ የሚባለው፦ መጫን፣ የድሮውን መዝገብ ማዛወር፣ ሠራተኛ ማሰልጠን፣ አፕዴት ማድረግ፣ ባክአፕ (የመዝገቡን መጠባበቂያ ቅጂ) መያዝ፣ ሲበላሽ ማስነሳት። ይሄ በውል ይገዛል። ካልሆነም የራስን ሰው አስተምሮ በደመወዝ ይገዛል።

እኛ የምንጠቀመው ኮሃ የሚባለውን ክፍት ምንጭ የላይብረሪ ፕሮግራም ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ መሠራት ጀምሮ በ2000 መጀመሪያ ሥራ ገባ። የዚያ አገር አንድ ላይብረሪ የድሮ ሲስተሙ 2000 ሲገባ መሥራት ያቆማል ብሎ ስለፈራ ነበር። «ኮሃ» በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ እኛ «ብድር መላሽ ያድርገን» ብለን የምንቀበለው ዓይነት ስጦታ። በዓመት ሁለት ትልልቅ እትም ይወጣለታል፣ በየወሩም ጥቃቅን ማስተካከያ። ስለዚህ አንዴ ጭኖ የሚሄድ ሰው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጫኝና አውራጅ ነው።

ታዲያ ድጋፍ ሰጪ እንዴት ይመረጣል? መሥሪያ ቤት መንገዱ የታወቀ ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ትንሹ ዋጋ ያሸንፋል። ሦስቱም ወረቀት ላይ ግን «ኢንስታሌሽንና ድጋፍ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ያ «ድጋፍ» የሚለው ቃል ውስጥ ምን እንዳለ ካልጠየቃችሁ ዋጋውን ማወዳደር አይቻልም።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ባክአፕ ነው። ኮሃ በተለመደው መንገድ ከተጫነ በየቀኑ በራሱ ባክአፕ ይወስዳል። ደስ ይላል። ችግሩ ፋይሉን የሚያስቀምጠው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። ዲስኩ ሲሞት መዝገቡም ባክአፑም አብረው ይቀበራሉ፤ የእኛ እንደዚያ ሊሆን ለጥቂት ነው የተረፈው። ስለዚህ «ባክአፕ አለ» የሚል መልስ አይበቃም። የት ይቀመጣል? ከድጋፍ ሰጪዎቹ መካከል ከባክአፑ መልሶ ጭኖ ያየ ሰው አለ?

ሰርቨሩ የት ይሁን የሚለውም አለ። አንዳንዱ ድጋፍ ሰጪ በራሱ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ በኢንተርኔት ያገናኛችኋል። መብራትና ዲስክ የእሱ ጭንቀት ይሆናል። ግን ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር መጽሐፍ ማዋስ ይቆማል። እኛ ሰፈር ኔትወርክ እንደ ጸባዩ ነው፤ ካታሎጉንም ከግቢያችን ውጭ የሚፈልገው የለም። ስለዚህ ሰርቨሩን ግቢ ውስጥ አድርጉት፣ ጥሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙለት ባይ ነኝ። ቅርንጫፍ ያለው ላይብረሪ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ እኛው ጉድ እንምጣ። ኮሃ የተሠራው ለፈረንጅ ስም ነው። ደራሲው አበበ ከበደ ቢሆን፣ ያላወቀ ሰው «ከበደ፣ አበበ» ብሎ ይመዘግበዋል። ተማሪው በአበበ ይፈልጋል፤ ዝርዝሩ ላይ «አ» ሥር ቢያይ የለም። ማርክ በሚባለው የላይብረሪ መመዝገቢያ ቅርጽ፣ የደራሲ ስም በሚገባበት መስክ 100 ላይ፣ አንዲት ጠቋሚ ቁጥር አለች፤ 0 ከሆነች ስሙ በራስ ስም ይጀምራል፣ 1 ከሆነች በቤተሰብ ስም። ለአበሻ ደራሲ 0 ነው የሚገባው። ይህቺን የማያውቅ አሰልጣኝ ሺህ መጽሐፍ አጣሞ ያስመዘግባችኋል።

ሞክሼ ፊደሎቹስ? «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበን መጽሐፍ ልጁ «ጸሀይ» ብሎ ጽፎ ያጣዋል። ለኮምፒውተር ጸ እና ፀ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። የኮሃ መፈለጊያ እነዚህን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማዘጋጀት ይቻላል፤ አንድ የቅንብር ፋይል ላይ ደንብ መጻፍ ነው። ድጋፍ ሰጪው ሲስተሙን በሚያሳያችሁ የሙከራ ቀን ኪቦርዱን ውሰዱና «ጸሀይ» ብላችሁ ፈልጉ። ፀሐይ ከወጣች እሰየው። ካልወጣች፣ ሰውየው ምን እንደሚላችሁ ስሙ። «ሲስተሙ እንደዚያ ነው» ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

የመመለሻ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚወጣው። «ኖቬምበር 20 መልሱ» ሲባል ልጆቹ «በእኛ ስንት ቀን ነው?» ይሉኛል። ለዚህ እስካሁን ያለኝ መፍትሔ ጠረጴዛው ላይ የለጠፍኩት የግድግዳ ካላንደር ነው።

ውሉ ላይ አንድ ነገር ሳይጻፍ አትፈርሙ፦ ዋናው ፓስወርድና ሙሉው መረጃ የላይብረሪው ነው፣ በተጠየቀ ጊዜ በፋይል ይሰጣል። ክፍት ምንጭ የመረጣችሁት ድጋፍ ሰጪ ሲያስቸግር ሌላ መቅጠር እንድትችሉ ነው። ቁልፉን ይዞ ከጠፋ ኮዱ ክፍት ቢሆን ምን ይፈይዳል? የእኛው ፓስወርድ አሁን በፖስታ ታሽጎ ፋይናንስ ካዝና ውስጥ አለ።

ሁለተኛውን ድጋፍ ሰጪ ስንመርጥም ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ነበር። ሁለቱ ዋጋ ልከው ዝም አሉ። ሦስተኛው ደውሎ፣ «የድሮው ዝርዝር በምን ፎንት ነው የተጻፈው?» አለኝ። ኤክሴል ላይ፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ አልኩት። «እንግዲያው ወደ ዩኒኮድ፣ አሁን ኮምፒውተር ሁሉ ወደሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ ሳይለወጥ ከገባ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የምታዪው፤ ለእሱ ሁለት ቀን ያዢልኝ» አለ። ዋጋው ከሁሉም ትንሹ አልነበረም። ለኮሚቴው ምክንያቱን ጽፌ፣ ፊርማ አሰባስቤ፣ ሥራውን ለእሱ ሰጠን።