የመጠለያ ውሻ ይዞ ጅማ ውስጥ መውጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መጠለያ ውስጥ ያለ ውሻ ቀኑን ታስሮ ወይም በጠባብ ክፍል ተዘግቶ ይውላል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሰው ይዞት ሲወጣ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ሰው ይለምዳል፣ ወስዶ የሚያሳድገው ሰው የማግኘት ዕድሉም ይሰፋል። ጅማ ላይ ለዚህ በጎ ፈቃድ የሚነሱ ወጣቶች ግን ከቤትም ከሰፈርም ብዙ ይሰማሉ። ከሚሰሙት አንዳንዱ ያለ ምክንያት ያስፈራል፤ አንዳንዱ ደግሞ መፍራት ያለባቸውን ነገር ያስንቃቸዋል።

“ገመድ ይዞ መሄድ ምን ሥልጠና ያስፈልገዋል?”

ፈሪ ውሻ የሚያመልጠው ወደፊት ስቦ አይደለም። ወደኋላ አፈግፍጎ ጭንቅላቱን ከማሰሪያው አሾልኮ ነው፤ ይህም በአብዛኛው የሚሆነው ገና በር ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ክፍሉ ሳይከፈት ነው። የአንገት ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ይግባ፤ ከዚያ በላይ ከገባ ላልቷል። መሾለክ ለለመደ ውሻ ደረትና ትከሻውን የሚይዝ ማሰሪያ ተጨምሮ ሁለቱ በአንድ መንጠቆ ይያያዙ። የክፍሉ በር ተዘግቶ መቆለፉን ሳታዩ የግቢውን በር አትክፈቱ።

ገመዱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚረዝም ጠፍጣፋ ጥብጣብ ቢሆን ይመረጣል። ቀጭን የናይለን ገመድ ውሻው ሲወረወር መዳፍ ይልጣል። “ጠንካራ ነው” ተብሎ የሚመረጠው የብረት ሰንሰለትም አንገቱን በክብደቱ ይጎትታል፣ ለእጅም መጨበጫ የለውም። አውራ ጣታችሁን በእጀታው ቀለበት አስገብታችሁ ጨብጡ፤ በሌላው እጃችሁ ገመዱን መሃል ላይ ያዙ። እጅ ላይ ወይም አንጓ ላይ መጠምጠም ግን ጣት ያሰብራል፣ ሰውንም በአፍጢሙ ይደፋል።

“የሚጮህ ውሻ አይናከስም”፣ “ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ወዳጅ ነው”

የመጀመሪያው ተረት ነው፤ የሚጮህም ይናከሳል። ሁለተኛው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። መላ ወገቡን እያወዛወዘ ጅራቱን በሰፊው የሚቆላ ውሻ ደስ ብሎታል። ጅራቱን ወደላይ ገትሮ ጫፉን ብቻ በፍጥነት የሚያርገበግብ፣ ሰውነቱን ያደረቀ፣ የዓይኑ ነጭ የሚታይ ውሻ ግን “አትቅረበኝ” እያለ ነው። ርቦት ሳይሆን ከንፈሩን መላስ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ማዛጋት፣ ፊቱን ማዞር፦ እነዚህ ከዚያ ቀድመው የሚመጡ የጭንቀት ምልክቶች ናቸው። ሲያጉረመርም አትምቱት። በማጉረምረሙ የሚመታ ውሻ የሚማረው ሳያስጠነቅቅ መንከስን ነው።

“የመንገድ ውሾች ከመጡ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሱ መምሰል ነው”

ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይህ የሁላችንም ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። ገመድ ለያዘ ሰው ግን ዋናው ስህተት ነው። ከመንገድ የተነሳ ውሻ ስለ ሰው በመጀመሪያ ያወቀው ድንጋይን ነው፤ ስታጎነብሱ ከሁሉ ቀድሞ የሚደነግጠው በእጃችሁ ያለው ነው። ያን ጊዜ ወይ አምልጦ ይጠፋል ወይ እጃችሁን ይነክሳል። የጫማ ማሰሪያችሁን እንኳ ግቢ ውስጥ አጥብቃችሁ ውጡ። ሲያጋጥሟችሁ ሳትሮጡ ዞር ብላችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ፤ ወይም መንገዱን ተሻግራችሁ ሰፋ ባለ ቅስት እለፉ፣ በመሃላቸው እናንተ ሁኑ። ከተናከሱ እጅ መሃል አይገባም፤ ውሃ መድፋት ወይም ጃኬት ጭንቅላታቸው ላይ መጣል ይሻላል።

በዚሁ ምክንያት ጅማ ላይ በጥንድ መውጣትን እንመርጣለን። አንዱ ገመዱን ይይዛል፤ ሌላው ከአሥር እርምጃ ፊት እየሄደ ድንጋይ ያነሱ ልጆችን በፍቅር ያናግራል፣ ባጃጅ ሲመጣ ምልክት ይሰጣል። በሐሙስ ገበያ ቀን በሂርማታ በኩል ማለፍ ለውሻውም ለሕዝቡም አይሆንም። ማለዳ ከ12፡30 በኋላ ጸጥ ባለ የሰፈር መንገድ 20 ደቂቃ መሄድ ለጀማሪ ውሻ ይበቃዋል። ወደ ጅሬን አቀበት ለመውጣት የለመደ ውሻና የለመደ ሰው ያስፈልጋል። ርቀትም ዋናው ነገር አይደለም፤ ቆሞ እንዲያሸት የተፈቀደለት ውሻ ሲጎተት ከዋለው የበለጠ ረክቶ ይመለሳል። ከመሸ በኋላ ግን ጅብ ስላለ አይወጣም።

“እብድ ውሻ በአረፋው ይታወቃል”

ሰው የሚገድለው ይህ አመለካከት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። ከዚህም ሌላ የማይጮኽ፣ የማይናከስ የበሽታው ዓይነት አለ፤ ውሻው ይደበታል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብሎ አፉ ውስጥ እጅ መክተት እዚህ ላይ ከባድ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ሲታይ ክፍሉ ተዘግቶ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

የተነከሰ፣ ቆዳው የተቧጨረ ወይም ቁስሉን የተላሰ ሰው ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ቧንቧ ከሌለ ጀሪካን አጋድሞ ማፍሰስ ነው። ደም ያቆማል ተብሎ የሚነሰነሰው የቡና ዱቄት ቫይረሱን አይገድለውም፤ መታጠቡንም ያዘገያል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ክትባቱ በጡንቻ ሲሰጥ በ0 (መርፌው በሚጀመርበት ዕለት)፣ በ3፣ በ7 እና በ14ኛው ቀን ክንድ ላይ ነው፤ በአንዳንድ አሰጣጥ 28ኛው ቀን ይጨመራል። ብዙ ሰው የሚፈራው በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋው መርፌ የአሮጌው ክትባት ነው። ቁስሉ ከደማ ቁስሉ ውስጥ የሚሰጥ፣ ቫይረሱን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል የተባለ መድኃኒትም አለ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠየቅ። ጸበል የሚሄድም ሆነ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው ይህን ከክትባቱ ጋር ያድርገው እንጂ በክትባቱ ፋንታ አያድርገው፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም።

የነከሰውን ውሻ መግደልም ስህተት ነው። ተለይቶ ለ10 ቀን ሲታይ በጤና ከቆየ፣ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ እንዳልነበረ ይታወቃል። ሐኪሙ ክትባቱን እንዲያቋርጥ የሚወስነው ይህን አይቶ ነው። ይህን እየጠበቁ ግን መርፌውን ማዘግየት አይገባም። ውሻ በየጊዜው የምትይዙ ከሆነ ሳትነከሱ በፊት በ0 እና በ7ኛው ቀን የሚሰጠውን ቅድመ ክትባት ጠይቁ፤ ይህን የወሰደ ሰው ቢነከስ በ0 እና በ3ኛው ቀን ሁለት መርፌ ይበቃዋል። መታጠቡ ግን አይቀርለትም።

“ሙስሊም ውሻ ነክ ሥራ ላይ አይሳተፍም”

ጅማ ላይ ይህን ጥያቄ ሳያነሱ ስለ ውሻ ማውራት አይቻልም። በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ አስተምህሮ) የውሻ ምራቅ ነጃሳ (ርኩስ) ነው፤ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር ይታጠባል። ይህ ግን ለእንስሳው ማዘንን አይከለክልም። ከጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣውን ሰው አላህ እንደማረው የሚናገረውን ሐዲስ ያልሰማ የለም። ስለዚህ መፍትሔው አደረጃጀት ነው። ረጅም ጓንት፣ ቦት ጫማና እዚያው መጠለያ የሚቀር ልብስ ይዘጋጅ፤ ለሶላት የሚለበሰው ከዚያ ይለይ። ምራቅ መንካት የማይፈልግ ሰው በር ይጠብቃል፣ ፊት ሆኖ መንገድ ይጠርጋል፣ መዝገብ ይይዛል። ያለ እነዚህ ሰዎች ገመድ ያዡ ብቻውን ነው። ዝርዝሩን ከኡስታዛችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

“ውሻ መንገድ ላይ ያገኘውን ቢበላ ምን ይሆናል?”

ቡና በሚለቀምበትና በየደጁ በሚሰጣበት ወቅት ጅማ ዙሪያ ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ውሻን ይመርዛል፤ ያቁነጠንጠዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ልቡን ያስሮጠዋል። ከቄራ የተጣለ ጥሬ ጉበትና ሳንባም ከውሻው አልፎ ሰውን ይጎዳል። በላዩ አንዳንዴ የሚገኘውን፣ የትል ዘር የያዘ የውሃ ከረጢት ውሻው ሲበላ ሆዱ ውስጥ ትል ያፈራል፤ የትሉ እንቁላል በሰገራው ይወጣል፤ ወደ ሰው ከገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ይሠራል። ስለዚህ “ለአፈሩ ማዳበሪያ ነው” ተብሎ ሰገራው የትም አይተው። ፌስታል ተይዞ ይነሳ፤ ከጓሮ አትክልትና ከአዌቱ ወንዝ ዳር ርቆ ይቀበር። ሥጋ ወድቆ ካያችሁ ደግሞ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ገመዱን አሳጥራችሁ እለፉ።

“ሁሉም ውሻ በተራው ይውጣ”

ሁሉም አይወጣም። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ግቢ ውስጥ ይጫወት። ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ላይ ያለች ሴት ውሻ ለሁለት ሦስት ሳምንት አትወጣም፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ይከተላታል፣ ከ63 ቀን ገደማ በኋላም መጠለያው ቡችላ ይሞላል። የሚያስል፣ የሚያስቀምጠው ወይም የሚያነክስ ውሻም ይቅር። ዝናብ ግን ምክንያት አይደለም። ጅማ ላይ ዝናብ እስኪያቆም ከተጠበቀ ብዙ ወር መቀመጥ ነው፤ ሲመለስ በጨርቅ ይደረቅ።

ስትመለሱ ውሃ ስጡት። ጆሮውን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መሃል ለመዥገር ፈትሹ፤ ካገኛችሁ ቆዳው አጠገብ በወረንጦ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ጋዝ ወይም እሳት አታስነኩት። ከዚያ መዝገቡ ላይ የውሻውን ስም፣ የወጣበትን ሰዓት፣ የሰገራውን መልክ፣ ምን እንዳስደነገጠው ጻፉ። ነገ ገመዱን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው።